ኃይለየሱስ የተረጎመው ፊልም

ሸዋአለም የገዛ አፏን ቃል ከማታውቀው ሰው ስልክ ውስጥ ሰማችው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ሮቤ ገበያ ዳር ካለችው የቆርቆሮ ሱቋ ፊት አንድ ባጃጅ ቆሟል፤ ሹፌሩ እግሩን መሪው ላይ ሰቅሎ ስልኩን እያየ ይንከተከታል። ከስልኩ ውስጥ የሰው ጫጫታ ይሰማል፤ ከጫጫታው በላይ ደግሞ አንድ ወንድ በማይክራፎን፣ ድምፁን እንደ ሴት አቅጥኖ፣ «ባልነትህን የት አሳድረኸው መጣህ? ለእኔ ጫማህን ብቻ ነው እንዴ ይዘህልኝ የመጣኸው?» አለ። አንድ ቤት ሙሉ ሰው ሳቀ። ሹፌሩም ሳቀ። ሸዋአለም ብቅል የምትሰፍርበትን ጣሳ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ያንን የተናገረችው እሷ ናት። ጎባ ሳሉ፣ በኪራይ ቤታቸው፣ በር ተዘግቶ፣ ከባሏ በቀር ሌላ ጆሮ በሌለበት። ሃያ ዓመት አልፎታል። ያወቀችው ደግሞ ቃሉን ብቻ አይደለም፤ ድምፁንም አወቀችው። ያ ድምፁን ያቀጠነ ሰው ዛሬ ማለዳ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ በልቶ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወደሚሠራበት ወፍጮ ቤት የሄደው ባሏ ኃይለየሱስ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ምንድነው እሱ?» አለችው።

«አላየሻትም ማዘር? የማፊያው ቦስ ሚስት ናት እኮ! ሮቤ በሙሉ ሰሞኑን የሚያየው እሷን ነው።» ስልኩን አዞረላት። ጨለማ ክፍል፣ የብዙ ወንዶች ማጅራት፣ ከማጅራቱ ወዲያ በርቶ የሚታይ ቴሌቪዥን፤ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ደግሞ ባርኔጣ የደፋ ሰውዬና ትከሻዋ የተራቆተ ሴት። በደንብ ሳታየው አለቀና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። «ትናንት ትራፊኩ ራሱ አንዱን ሹፌር ይዞ፣ ‹መንጃ ፈቃድህን የት አሳድረኸው መጣህ?› አለው። ሰዉ ሁሉ ሞተ በሳቅ።»

ጎን ለጎን ጌሾ የምትሸጠው ማሚቱም ከደጇ ሆና ሳቀች፤ ምን እንደሆነ አላወቀችም። ሸዋአለም ግን ጥርሷን ገጥማ፣ «ከስሩ ምን ይላል? አንብብልኝ» አለች። ፊደል ታውቃለች፤ አራተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ግን በስልክ ላይ ያለ ጽሕፈት ለእሷ ዓይን ተፈጭቶ እንደወጣ ዱቄት ነው።

«ሱሌይማን ኤሌክትሮኒክስ፣ ጎባ። ክፍል ሁለት ዛሬ ማታ ይጠብቁን፤ የቦሱ ልጅ ሞት።»

ይኼኔ ጣሳውን ብቅሉ ላይ ጣለችው። የመጀመሪያው የባልና ሚስት ንትርክ ነው፤ ያሳፍራል እንጂ አይገድልም። ልጅ ሲሞት የተናገረችው ግን ሌላ ነው። ልጅ በሞተባት ሰሞን ለኃይለየሱስ አንድ ነገር ብላዋለች፣ አንድ ነገር ብቻ፤ ለእናቷም፣ ለንስሐ አባቷም ደግማው አታውቅም። ያኛውን ወስዶ ለማሳቂያ ካደረገው፣ ዛሬ ማታ ሮቤም ጎባም የሚንከተከተው በዚያ ነው፤ ነገ ትራፊኩም ይጠቅሰዋል።

«ሸዋዬ፣ ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ» አለች ማሚቱ።

«ሱቄን እያየሽልኝ። ጎባ ደርሼ እመጣለሁ።»

«ጎባ ደግሞ ምን አለሽ በሥራ ቀን?»

«አፌን ጥዬ መጥቻለሁ፤ ላመጣው ነው» አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መናኸሪያው ነጎደች።

በሚኒባሱ ውስጥ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራት ሆነው ተጨናንቀው ሄዱ። ረዳቱ ሃምሳ ብር ሲላት፣ «ባለፈው ሳምንት አርባ አልነበረም?» ብላ እንደ ወትሮዋ አልተከራከረችውም፤ ሰጠችው። በመስኮቱ የስንዴው ማሳ ግማሹ ታጭዶ ግማሹ ቆሞ ይታያል፤ ኮምባይነሮቹ ገለባውን እየተፉ ይሄዳሉ። ወደ ላይ የሳነቴ ተራራ ደመናውን ተከናንቧል። ሸዋአለም የምትለውን በሆዷ ታሰናዳለች። ሱሌይማንን ሰርዝ ትለዋለች። ከዚያ ቤቷ ተመልሳ ለኃይለየሱስ ሽማግሌ ትጠራበታለች፤ ሽማግሌዎቹ ፊት ቁጭ ብላ፣ ይኼ ሰውዬ የመኝታ ቤቴን ነገር በሃምሳ ሳንቲም መግቢያ ለጎባ ወንድ ሸጠው ትላለች። ሽማግሌ ምን እንደሚላት ታውቀዋለች፤ «ድሮ ነው፣ ተይው» ይላሉ። እሷ ደግሞ አትተውም። አትተውም ብላ ነው እስከ ዛሬ የኖረችው። ኃይለየሱስ ልጅ ቀብሮ በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ገና ድንኳን ውስጥ እያለ፣ ተነስቶ ሄዶ ከሱሌይማን ጋር ፊልም እየተረጎመ የሚያሳይበትን ቪዲዮ ቤት የከፈተ ሰው ነው። ጎባ አፉን ይዞ ነበር። እሷ ግን ለሰው አላማችውም፣ ለእሱም አንስታበት አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ዳግማዊ ተወልዶላቸዋል፤ ዛሬ አዳማ መኪና ያሽከረክራል። ከዚያ ወዲህ ሮቤ ገብተው፣ ቤት ሠርተው፣ አብረው አርጅተዋል። ስለዚያች ልጅ ግን በዚያ ቤት አንድም ቃል ወጥቶ አያውቅም። የሙት ዓመቷን እንኳ ሸዋአለም ለብቻዋ ነበር ቤተ ክርስቲያን ሄዳ የምታስበው፤ እሱ ነጠላዋን ስታነሳ ያያል፣ ዝም ይላል።

የሱሌይማን ሱቅ ድሮ ቪዲዮ ቤቱ የነበረበት ቤት ነው። ያኔ መስኮቱ በጥቁር ሸራ የተሸፈነ፣ አግዳሚ ወንበር ብቻ የተደረደረበት፣ ከሩቅ የትምባሆና የእግር ሽታ የሚሸት ነበር። ሸዋአለም በበሩ ስታልፍ ፊቷን ታዞር ነበር እንጂ ገብታ አታውቅም። ሴት አይገባበትም፤ ቢገባበትም እሷ አትገባም፤ የሌባ ትምህርት ቤት ነው ትለው ነበር። አሁን መስታወት ገብቶለታል። የስልክ ሽፋን፣ ቻርጀር፣ ሪሞት፣ ሚሞሪ ካርድ ተንጠልጥሏል። ሱሌይማን ራሱ ጢሙ በሒና ቀልቶ፣ ባንኮኒው ኋላ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የአንድ ራዲዮ ሆድ ይጎረጉራል።

«አጀብ! ሸዋ ናት? አካም ጅርታ? ኃይሌ ደህና ነው? ዛሬ ጎባ ምን ዘነበባት!»

«አልዘነበባትም፤ ሊዘንብባት ነው» አለችው። «ጋሽ ሱሌይማን፣ ያወጡትን ይሰርዙ። ዛሬ ማታ የሚያወጡትንም ይተዉ።»

ሱሌይማን መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። የሰርግ ቪዲዮ በሚቀርጽበት ዘመን ስለነበረችው ካሜራ ይነግራት ጀመር፤ አንድ ቀን ለትዝታ ይሁነኝ ብሎ ካሜራዋን ኋላ ላይ አቁሞ ኃይሌ ሲተረጉም ቀረጸው፤ ካሴቱ ሃያ ዓመት ካርቶን ውስጥ ከርሞ ዘንድሮ ልጁ ሶፍያ አግኝታ ሻሸመኔ ወስዳ ወደ ፍላሽ አስገለበጠችው። «ሰው እንዴት እንደወደደው! ውጭ አገር ካሉ የጎባ ልጆች ሳይቀር ይደውሉልኛል። ኃይሌ እኮ ወላሂ ጀግና ነው። ልነግረው አስቤ ነበር፤ ስልክ አያነሳም።»

«ይሰርዙት።»

«ለምን? ምን በደለሽ? ነውር የለበትም እኮ፤ የድሮ የማፊያ ፊልም ነው፤ ጥቁርና ነጭ።»

እዚህ ላይ ሸዋአለም ተያዘች። ለምን እንደሆነ ካልነገረችው አይሰርዝም፤ ከነገረችው ደግሞ ነገሩ ከእሷ አፍ ሁለተኛ ጊዜ ሊወጣ ነው። እጇን ባንኮኒው ላይ አድርጋ ቆመች። ሱሌይማን ፊቷን አየ፤ ቀልድ አለመሆኑን ያኔ ገባው። ከባንኮኒው ኋላ ዱካ አወጣና አስቀመጣት።

«መጀመሪያ እይው» አለ ለስለስ ብሎ፣ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ እየሰካ። «አይተሽ አጥፋ ካልሽኝ አጠፋለሁ። ሳታይው ግን በአላህ አትፍረጂብኝ። ባልሽ እዚህ ቤት ስንት ዓመት ሲተረጉም አንድ ቀን እንኳ ሰምተሽው አታውቂም።»

ሸዋአለም ቴሌቪዥን አይታ የማታውቅ አይደለችም። ማሚቱ ቤት በትርጉም የሚመጣውን ተከታታይ ድራማ ታያለች፤ ሴቶቹ ሁሉ ሲያለቅሱ እንኳ ኩላቸው የማይፈስ። ይኼ ግን ሌላ ነው። ቀለም የለውም። ከተማው ሁሉ ማታ ማታ ነው፣ ዝናቡ አያባራም፤ ጎባ ራሷ በክረምት እንዲህ አትዘንብም። ወንዶቹ ሰው ቤት ገብተው ባርኔጣ አያወልቁም። ሲገናኙ ሰላምታ የለም፤ ክብሪት ነው የሚሰጣጡት። ማዕድ ከበው ሲበሉ ይመራረቃሉ፣ ይሳሳማሉ፤ ከማዕድ ሲነሱ አንዱ ሌላውን ያስገድለዋል። በቀረጻው ጥግ፣ ፊልሙ ከሚታይበት ቴሌቪዥን ጎን፣ ደግሞ በርጩማ ላይ ጉልበቱን ሰብስቦ፣ ማይክራፎኑን ከከንፈሩ አስጠግቶ የተቀመጠ ቀጭን ወጣት አለ። ጸጉሩ ጥቁር ነው። ያንን ሹራብ የሠራችለት እሷ ናት፤ ክርኑ ላይ የቀጠለችበት ልዩ ቀለም ክር ሳይቀር ይታያል።

እንዲያ ያለ ኃይለየሱስ አይታ አታውቅም። ቤት ውስጥ «ጨው አንሶታል» ለማለት የሚሰንፍ ሰው፣ እዚህ በአንድ አፉ አሥር ሰው ሆኗል። ለቦሱ ወፍራም ድምፅ፣ ለፖሊሱ የአፍንጫ ድምፅ፣ ለአጭሩ ነፍሰ ገዳይ ደግሞ የአንድ የጎባ ፀሐፊ ድምፅ ሰጥቶታል፤ ታዳሚው ፀሐፊውን አውቆት በሳቅ ይንጫጫል። ቦሱ ከባርኔጣው ስር ትንፍሽ ሲል ኃይለየሱስ፣ «ልባሽ ጨርቁ ዛሬ ሌሊት ከኬላው ካላለፈ፣ ነገ ለጊኒር ገበያ ካልደረሰ፣ አንተን አንጠልጥዬ እሸጥሃለሁ!» ይላል። ከታዳሚው አንዱ ሽማግሌ «ኩን ኤኙ?» ብሎ ይጮሃል፤ ማን ነው ይኼ ማለቱ ነው። ኃይለየሱስ ሳይደናገር፣ «ኦቦሌሳ ኢሳቲ፤ ወንድሙ ነው አባባ፣ ግን አይመኑት፣ ቆይቶ ይከዳዋል» ብሎ ይመልስለታል፤ ሰዉ ሁሉ «አትንገረን!» እያለ ይሳደባል።

«እንግሊዝኛ የት ተምሮ ነው?» አለች ሸዋአለም፤ ሳታስበው ወደ ስክሪኑ ተጠግታለች።

«ማን፣ ኃይሌ?» ሱሌይማን ሆዱን ይዞ ሳቀ። «የኃይሌ እንግሊዝኛ ጉድ ሞርኒንግ ላይ ያልቃል። እኔም አላውቅ፣ ጎባም አያውቅ። የማይተረጉመው ሽጉጥ ሲተኮስ ብቻ ነው። ያን ፊልም እኛ እስከ ዛሬ የኮንትሮባንድ ልብስ ፊልም ነው የምንለው። ከዓመታት በኋላ አንድ መምህር መጥቶ፣ ኧረ የመጠጥ ነገር ነው ብሎ ሲነግረን ማንም አላመነውም።»

ሸዋአለም መቆጣቷን ልትረሳ ምንም አልቀራት። አንድ ወፍራም ሰው አለ፤ የሞተውን ሁሉ ለቅሶ ይደርሳል፣ የአበባውንም የሳጥኑንም ይከፍላል፣ መበለቲቱን እጇን ይዞ ያጽናናል። «እግዜር ይስጠው፣ ይኼ ብቻ ነው ሰው» አለች። ሱሌይማን፣ «እሱ ነው እኮ ያስገደላቸው» አላት። «የገደለ ሰው ነው እንዴ የሚቀብር?» «ማፊያ እንዲህ ነው።» ሮቤ ላይ ከለቅሶ የማይጠፋ አንድ የእህል ነጋዴ ታውቃለች፤ እሱ ትዝ አላት። የቦሱ ሚስት መጣች። ባሏ ንጋት ላይ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ወገቧን ይዛ ቆማለች፤ ኃይለየሱስም ድምፁን አቅጥኖ ያቺን ነገር ተናገረላት። ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ሸዋአለም ፊቷ ነደደ። ግን ሰዉ የሳቀው በሴትዮዋ እንዳልሆነ አየች፤ የሳቁት አንገቱን በደፋው በሰውዬው ነው። አንዱም፣ «አገኘችው! ወንድ ናት!» ብሎ ጮኸ።

ከዚያ ልጁ ታመመ። ዶክተር መጣ፣ ቦርሳውን ዘግቶ ሄደ። ትንሽ ነጭ ሳጥን ወጣች። የሸዋአለም እጆች ጉልበቷ ላይ ተያያዙ። ክፍሉ ውስጥ ሴትዮዋ አልጋው ጫፍ ላይ የትንሽ ልጅ ካልሲ ይዛ ተቀምጣለች፤ ቦሱ ጀርባውን ሰጥቷት በመስኮት ዝናቡን ያያል፤ እዚህ ብቻ ነው ባርኔጣውን ያወለቀው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ሸዋአለም ኃይለየሱስ ድምፁን የሚያቀጥንበትን፣ ሰዉ የሚስቅበትን ደቂቃ ጠበቀች። አላቀጠነም። በራሱ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «አልቅስ አላልኩህም። ከእኔ ጋር ቁጭ በል ነው ያልኩህ» አለ።

ቃል በቃል ነው። አንዲት ነገር አልጨመረ፣ አልቀነሰ። ጨለማው ውስጥ የሳቀ የለም። አንዱ ሳለ። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ አልዞረም፤ ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው፤ አፉ አይታይም፣ የሚናገርም አይመስል፤ ዝናቡ መስታወቱ ላይ ይወርዳል። ኃይለየሱስ ግን ማይክራፎኑን አላወረደም። በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ፣ ስክሪኑን እንኳ ሳያይ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ብቀመጥ አልነሳም። ሁለታችንም እዚያ ብንቀር በሩን ማን ይከፍተዋል ብዬ ነው የወጣሁት። ወጣሁ እንጂ የትም አልደረስኩ» አለ።

ፊልሙ ቀጠለ፤ መኪና ተነሳ፤ ከዚያ ስክሪኑ ዝናብ በዝናብ ሆኖ ቆመ።

«የካሜራዋ ካሴት አንድ ሰዓት ብቻ ነው የምትይዘው» አለ ሱሌይማን። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ፣ «እዚህ መስኮቱ ጋ ዋናው ፊልም ላይ ወሬ የለም። ሰውዬው ዝም ነው የሚላት። ኃይሌ ከራሱ ነው የጨመረው። ይኼን ፊልም ስንት ጊዜ አሳይተናል፤ እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ ይቺኑ ይላል። ሰዉ እሷን ለመስማት ይመጣ ነበር እልሻለሁ። ዛሬ ማታ ላወጣት ያልኩት ለዚያ ነው። ኃይሌ እንዲህ አድርጎ የፈጠራት ይመስለኝ ነበር።»

ሸዋአለም ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ውጭ አንድ ደንበኛ ቻርጀር ጠየቀ፤ ሱሌይማን በእጁ ቆይ አለው።

«አልፈጠራትም» አለች በመጨረሻ። «የመጀመሪያዋ የእኔ ናት። ያቺ በሳቅ የገደለቻችሁም የእኔ ናት።» ነጠላዋን ከአፏ አወረደችና፣ «ሁለተኛዋን ግን ዛሬ መስማቴ ነው» አለች።

ሱሌይማን መነጽሩን ሳያጠልቅ ቀረ። እሱም ያኔ ለቅሶ ደርሷል፤ ያቺን ትንሽ ሳጥን ይዘው ከወጡት አንዱ ነው። «ወላሂ አላወቅኩም፣ ሸዋ» አለ ቀስ ብሎ። «የወጣችውን ከሰው ስልክ ላይ ለቅሜ አልሰበስባት። ይቺኛዋን ግን አሁኑኑ ላጥፋት?»

ጠዋት ከሮቤ ስትነሳ ለዚህ ነበር የመጣችው። «አያጥፏት» አለች። «አያውጧት ደግሞ። ይቀመጥ። ማንም እንዳያየው።» ደጅ ደርሳ ተመለሰችና፣ «ዋናው ፊልም አለ?» ብላ ጠየቀች። የለም፤ ካሴቱን ድሮ አይጥ በልቶታል። «ሴትዮዋ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» ሱሌይማን አሰበ፣ አሰበ፤ ቦሱ እንዴት እንደተገደለ፣ ስንት ጥይት እንደተተኮሰበት ሁሉ ያስታውሳል፤ የሴትዮዋ ግን ጠፋው። «ኃይሌን ጠይቂው» አለ።

ሮቤ ስትገባ ማሚቱ ብቅሉን ግማሽ ሸጣላት ጠበቀቻት። «አፍሽን አገኘሽው?» አለቻት። «አገኘሁት» አለች ሸዋአለም። ማሚቱም ሱቁን አብራት ዘጋች።

ኃይለየሱስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ገባ፤ ቅንድቡ እንደ ሁልጊዜው ዱቄት ለብሷል። እጁን ታጠበ፣ ሶፋው ጥግ ተቀመጠ፣ ራት ጠበቀ። ሸዋአለም አላቀረበችም። ፊት ለፊቱ ቆማ አየችው። ሽማግሌ የሚጠራበትን ቃል ጠዋት በሚኒባስ ውስጥ አሰናድታው ነበር፤ አሁን ብትፈልገው የለም።

«የቦሱ ሚስት መጨረሻዋ ምን ሆነ?» አለችው።

ቀና አለ። ጎባ ሄዳ እንደነበር ማንም አልነገረውም፤ ግን ወፍጮ ቤት ድረስ ያ ቪዲዮ ደርሶበታል፤ ሲሸከሙ የሚውሉት ልጆች ሲሳሳቁበት ውለዋል። ዱቄቱን ከቅንድቡ በአውራ ጣቱ ጠረገ። እሷ ትጮህብኛለች ብሎ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው ያለው።

«ፊልሙ ይረሳታል» አለ። «ልጁ ከተቀበረ ወዲያ አንዴም አያሳያትም። ቦሱ ይገድላል፣ ይገደላል። እሷ የት ገባች ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

«አንተስ?»

«እኔ…» እጆቹን አያቸው። «ፊልሙ ላይ መኪናው ማታ በመንገድ ሲሄድ፣ መብራት ያለበት መስኮት ካየሁ፣ ‹እሷ እዚያ ውስጥ አለች፤ አልተኛችም› እል ነበር። ሰዉ ይጠይቀኝ ጀመረ። መስኮት ባየ ቁጥር ‹ኃይሌ፣ እዚያስ አለች ወይ?› ይለኛል። አለች እለዋለሁ።»

ሸዋአለም ይኼን ሰማችና ልቧ ሊራራ ሲል እልኋ ቀደመ። «ለጎባ ወንድ ሁሉ ስትናገረው አላፈርክም። ለእኔ ነው ያፈርከው?»

«እዚያ ጨለማ ነው። ሰዉ የሚያየው ፊልሙን ነው፤ እኔን የሚያይ የለም።»

«ለእኔ ነበር የሚነገረው፣ ኃይሌ።»

«አውቃለሁ» አለ።

ሌላ ሰበብ ጨምሮ ቢሆን ትጣላው ነበር፤ አልጨመረም። መንገዱ ላይ ኮምባይነር መብራቱን አብርቶ አለፈ፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠና ጸጥ አለ። ሸዋአለም ወጡን ልታሞቅ ወደ ጓዳ ዞራ ምድጃው ላይ ጣደችው። ከኋላዋ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማችው።

«ሩሀማ ዘንድሮ ሃያ ሁለት ይሆናት ነበር» አለ።

የሞተችውን ልጃቸውን ስም ጠራ። ሸዋአለም ስሙን ስትሰማ ሰው የገባ መስሏት ወደ በሩ አየች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«ሃያ ሦስት» አለችው። «ሃያ ሦስት ዓመቷ ጥቅምት ላይ ሞልቷል።»

«ጥቅምት አይደለም፤ ኅዳር ነው። ኅዳር ሲታጠን እኮ ነው፤ ጭሱ ቤት ገብቶ በጋቢ ሸፍነሻት ነበር፣ አስታውሳለሁ።»

«ያኔማ የሦስት ሳምንት ልጅ ናት! የተወለደች ቀን አንተ የት ነበርክና ነው ኅዳር የምትለኝ?»

«እዚያው ነበርኩ! በሩ ላይ ነበርኩ፤ አዋላጇ ናት ያላስገባችኝ።»

«በሩ ላይ ሆነህ ወሩ ጠፋህ?» የእሱም ድምፅ ከፍ ብሎ ነበር፤ ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤቶች ከዚህ ቤት የኃይለየሱስን ድምፅ ሰምተው ስለማያውቁ ራዲዮናቸውን ቀነሱ። እሱ ግን ኅዳር ነው አለ፤ ምስክር ቆጠረ፣ የጎባ ጎረቤቶቻቸውን ስም እያነሳ። አንዳንዱን እሷ ረስታው ነበር። ሸዋአለም ምድጃው ላይ የጣደችውን አውርዳ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ «ቆይ፣ ምንም አታውቅም፤ ዝም ብለህ ስማኝ» አለችውና ምጥ ከያዛት ጠዋት ጀምራ ትነግረው ገባች።